ለኤሌክትሮኒክ ድራም ቀረጻ መጀመሪያ ምን እንግዛ?

ኤሌክትሮኒክ ድራም ያገኘ ተማሪ ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቤት ውስጥ ለመቅዳት ምን ልግዛ?» የሚል። መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ዕቃ ሻጩ ነው። ሻጭ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ያለውን ነው የሚያሳየን፤ ትልቅ ሚክሰር፣ የድራም ማይክ ስብስብ፣ ስፒከር። በእኔ እምነት ለጀማሪ ከእነዚህ አንዱም አያስፈልገውም። ላፕቶፕ ካለን መጀመሪያ የሚያስፈልገን ጥሩ ሄድፎንና አንድ የዩኤስቢ ኬብል ነው። ምክንያቶቼን ላቅርብ።

አንደኛ፣ የማይክ ነገር። የኤሌክትሮኒክ ድራም ድምፅ የሚወጣው ከፓዱ ሳይሆን ከሞጁሉ ነው። ፓዱ ላይ ማይክ ብንደቅን የምንቀዳው የስቲኩን ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ብዙዎቻችን ሳውንድ ካርድ የምንለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። አብዛኞቹ የጀማሪ ሞጁሎች ግራና ቀኝ ሁለት መውጫ ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ ባለ ስምንት መግቢያ ብንገዛ ስድስቱ ሥራ ፈት ሆነው ይቀመጣሉ። በሁለቱ የሚገባውም ድምፅ አንዴ ተቀላቅሏል፤ ኪኩ ቀንሶ ስኔሩ ቢጮህ በኋላ ለይተን ማስተካከል አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሚዲ ግን ድምፁን ሳይሆን አመታቱን ነው የሚመዘግበው፦ የትኛው ፓድ፣ መቼ፣ ከ1 እስከ 127 ባለው መለኪያ ምን ያህል በኃይል ተመታ። ዛሬ የቀዳነውን ነገ በሌላ የድራም ድምፅ፣ ከፈለግንም ራሳችን በቀዳነው የከበሮ ድምፅ ማጫወት እንችላለን። ይህን ለማግኘት የሚበቃው ከሞጁሉ ወደ ላፕቶፑ የሚሄድ የዩኤስቢ ኬብል ነው። ብቻ ከመግዛታችን በፊት የሞጁሉን ጀርባ እንይ፤ አሮጌዎቹ ያላቸው ክቡ ባለ አምስት ፒን ሶኬት ስለሆነ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ይፈልጋሉ።

ሦስተኛ፣ መዘግየት የሚባለው ችግር። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 44,100 ናሙና እየወሰደ፣ 512 ሲጠራቀም የሚያወጣ ከሆነ ድምፁ ወደ 12 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ከአራት ሜትር ርቀት ላይ የተመታ ድራም እንደመስማት ማለት ነው። መፍትሔው ግን ውድ ዕቃ አይደለም። ሄድፎኑን ሞጁሉ ላይ እንሰካ፤ የላፕቶፑን ሙዚቃ ደግሞ በሞጁሉ ትርፍ መግቢያ እናስገባ። የራሳችንን ምት ያለ መዘግየት እንሰማለን።

ሶፍትዌርን በተመለከተ፣ ኦዳሲቲ ነፃ ቢሆንም ሚዲ አይቀዳም። ሪፐር 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፤ ለግል ተጠቃሚ ዋጋው 60 ዶላር ነው። ሄድፎኑ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ዓይነት ይሁን። ከተረፈን ገንዘብ ደግሞ ከፔዳሉ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ስፖንጅ እንግዛ። ሄድፎን ያደረገ ሰው ቤቱ ጸጥ ያለ ይመስለዋል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ግን የኪኩን ድብደባ በጣሪያው ይሰማዋል።

«ሚዲ ተማሪውን ያሰንፋል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው። አንዲት ቁልፍ ስንጫን ፕሮግራሙ የተዛነፈውን ምት ሁሉ መስመር ያስይዘዋል። ችክችካን በ6/8 ስንጽፈው ወረቀቱ እኩል ያካፍለዋል፤ ጥሩ መቺ ግን እኩል አያካፍለውም፤ ለዛው ያለው እዚያ ላይ ነው። ቁልፏ ስህተታችንን ስትደብቅ ይህንንም ለዛ አብራ ትደመስሰዋለች። ቢሆንም ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የአጠቃቀማችን ነው። እንዲያውም ያልተነካካ የሚዲ ቀረጻ የት እንደፈጠንን፣ የትኛው እጃችን እንደሚደክም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከአስተማሪ ጋር ቁጭ ብሎ ለማየት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ስለዚህ ተማሪዎች ገንዘባችንን ለሻጭ ምክር አናስረክብ። ትምህርት ክፍላችንም ባለ ሁለት መግቢያ ኢንተርፌስ አንድ ሁለት ገዝቶ እንደ መጽሐፍ በውሰት ቢሰጥ፣ የእውነት የሚያስፈልገን ቀን እየተዋስን እንሠራ ነበር። እስከዚያው ግን በኬብሏ እንጀምር፤ ራሱን ቀድቶ የማይሰማ መቺ የት እንደሚሳሳት አያውቅምና።