ስድስት ዓመት ያልበቃው ሥራ

በአሜሪካ ኮንግረስ «ለውጥ አመጣለሁ» ብሎ የገባ ተመራጭ ወንበሩን ላለመልቀቅ ሲወስን የሚያቀርበው ምክንያት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ሥራው ገና አላለቀም። ስለ ሥልጣን ሳይሆን ስለ ኃላፊነት የሚናገር ስለሚመስል ብዙ ጠያቂ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1999 ይህንኑ መከራከሪያ ያነሡት የዋሽንግተን ግዛቱ ሪፐብሊካን ጆርጅ ኔዘርከት ግን ለጥያቄ የተመቹ ናቸው።

ኔዘርከት በ1994 ያሸነፉት በተወካዮች ምክር ቤት 30 ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡትን አፈ ጉባኤ ቶም ፎሊን ነው። ፎሊ የገዛ ግዛታቸው ሕዝብ በ1992 ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀውን የሥራ ዘመን ገደብ በፍርድ ቤት ተቃውመው ነበር፤ ለተፎካካሪ ከዚህ የተሻለ ስንቅ አይገኝም። ኔዘርከት ከሦስት የሥራ ዘመን፣ ማለትም ከስድስት ዓመት በላይ እንደማይቆዩ ቃል ገብተው 4 ሺህ በማይሞላ የድምፅ ብልጫ አለፉ። ዘመኑ ሊያልቅ ሲቃረብ ስድስት ዓመት እንደማይበቃ ተገለጠላቸው።

ለምን አይበቃም? የተለመደው መልስ አዲስ ተመራጭ ተሰሚነት ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበታል የሚል ነው። ኔዘርከት ግን ገና በመጀመሪያው ዘመናቸው ነባሮቹ የሚሻሙበት የበጀት ድልድል ኮሚቴ አባል ሆነዋል። በ1995 ፓርቲያቸው ባወጣው ደንብ የአንድ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይቆይ ተወስኗል። እንግዲህ ኮሚቴ ለመምራት የበቃው ስድስት ዓመት፣ አባል ሆኖ ለመቀመጥ አነሰ ማለት ነው። የምርጫ ክልላቸው የስንዴ ገበሬዎች የሚፈልጉት፣ ማዕቀብ ለተጣለባቸው አገሮች ምግብና መድኃኒት መሸጥ የሚፈቅደው ሕግም የተፈረመው በኦክቶበር 2000 ነው፤ ቃላቸው የሚያበቃው በጃንዋሪ 2001 ነበር። ሥራው በቀጠሮው ደርሷል፤ ባለሥራው ግን አልሄደም። በ2004 ለወንበሩ ዳግም ያልተወዳደሩትም ሥራ ስላለቀ ሳይሆን ለሴኔት ለመወዳደር ነው። በነባሯ ሴናተር ፓቲ መሬይ ተሸነፉ።

የጉዳዩ ቁልፍ ያለው የተመራጩ ቀን እንዴት እንደሚውል ላይ ነው። በ2012 መጨረሻ የዴሞክራቶች የምርጫ ዘመቻ ኮሚቴ ለአዲስ ገቢዎች ያሳየው የቀን መርሐ ግብር አራት ሰዓት ለስልክ መድቦ ነበር፤ ለኮሚቴና ለምክር ቤት ስብሰባ ሁለት ሰዓት። ስልኩ ገንዘብ መለመኛ ነው። ከመንግሥት ቢሮ መደወል ስለሚከለከል ተመራጩ በአቅራቢያው ወዳለው የፓርቲ ቢሮ ሄዶ የለጋሾች ስም ዝርዝር ይዞ ይቀመጣል። የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ብቻ በመሆኑ ከአንዱ ምርጫ ሳያርፍ ወደ ሌላው ይሮጣል። በዚህ መልክ ስድስት ዓመት የቆየ ሰው በእጁ የሚቀረው ትልቁ ሀብት የለጋሾቹ ዝርዝር ነው፤ ሲወጣ ደግሞ ዋጋ ያጣል። ፓርቲውም ከአዲስ ዕጩ ይልቅ ይህን ሰው ይመርጣል፤ ነባር ተወዳዳሪዎች በአብዛኛው ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ ይመለሳሉና።

ገደቡን በሕግ ለማጽናት የተደረገው ሙከራ ብዙ አልተጓዘም። በማርች 1995 ምክር ቤቱ የሰጠው 227 የድጋፍ ድምፅ ለሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ርቆ ቀረ። በሜይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግዛቶች ያወጡትን ገደብ 5 ለ4 ሻረ። የቀረው የየግለሰቡ ቃል ብቻ ሆነ። በኔዘርከት የምርጫ ክልል፣ በስፖካንና በአካባቢው፣ ያሉ መራጮችም በ2000 ቃላቸውን ያጠፉትን ሰው መልሰው መርጠዋል።

ቃላቸውን የጠበቁስ? ከ1994ቱ ተመራጮች ቶም ኮበርን፣ ማርክ ሳንፎርድና ማት ሳልመን ስድስት ዓመታቸውን ጨርሰው በ2001 ወጡ። ኮበርን በ2005 በሴኔት በር ተመለሱ። ሳንፎርድ በመሃል የደቡብ ካሮላይና አገረ ገዢ ሆኑ፤ ሳልመን በአሪዞና ለዚያው ሥልጣን ተወዳድረው ወደቁ። በ2013 ሁለቱም ያንኑ የተወካዮች ምክር ቤት ዳግም ተቀላቀሉ።