የተማሪው ዘመቻ በምን ይመዘን?

ጎንደር ላይ አንድ የተማሪዎች መሪ ጓደኞቹን አስተባብሮ አካፋና መጥረጊያ ይዞ ቀሃ ወንዝ ዳር ቢወርድ ያስመሰግነዋል። ሌላዋ እናቶችን ሰብስባ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ብታስተምርም እንዲሁ ትመሰገናለች። እነዚህ ሁለት ሥራዎች ግን በየክበባቸው፣ በየቀናቸው፣ በየሪፖርታቸው ተነጣጥለው መሠራታቸው ትልቅ ብክነት ነው እላለሁ። ቆሻሻ በተጣለበት ደጅ እየዳኸ ያገኘውን ወደ አፉ የሚያስገባው ሕፃንና ጠዋት ማታ ያንኑ ገንፎ የሚጎርሰው ሕፃን አንድ ነው። ተማሪ መሪ ከሆነ ሥራው የሚመዘነው በተሰበሰበው የቆሻሻ ጆንያ ብዛት ሳይሆን በዚህ ልጅ ላይ በሚታየው ለውጥ መሆን አለበት።

ይህ አስተሳሰብ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲከፈት መነሻው ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያ ውስጥ፣ ቆላ ድባ አካባቢ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይነገራል። ኮሌጁ የሚያክም ባለሙያ ብቻ ላሠልጥን አላለም። ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን ጎን ለጎን አስተማረ፤ አንዱ በሽተኛ ሲያክም፣ ሁለተኛዋ እናትና ልጅ ስትከታተል፣ ሦስተኛው ውሃውንና መጸዳጃውን እንዲያይ። ዛሬም የመጨረሻ ዓመት የጤና ተማሪዎች ከየትምህርት ክፍሉ ተውጣጥተው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ። ስለዚህ የተማሪ መሪው አዲስ ነገር ከመፍጠሩ በፊት ይህን የቤቱን ሥርዓት ቢይዝ ብዙ መንገድ ይቀርለታል።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የክልሉ ቁጥር ወደ 41 ቢወርድም ከአገሪቱ 37 በላይ እንደሆነ ቀረ። በዚሁ ክልል ከጎንደር በስተሰሜን ያሉት ዳባትና ደባርቅ ደግሞ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚያበቅሉ ደጋዎች ናቸው። ችግሩ እህል መብቀሉ ላይ ብቻ አይደለም፤ ገብሱ ገንፎ ሆኖ ይቀርባል፣ ዕንቁላሉና ቅቤው ገበያ ይወጣል። በዚያው የ2008 ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት የአገሪቱ ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙት 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የምግቡን ዓይነት ሊያበዛ የሚችለው ጓሮም አፈሩን የሚያዳብር አያገኝም፤ ደጋው ላይ ማገዶ በመመናመኑ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ጓሮው ይራባል። ከተማው ላይ ደግሞ የድንቹ ልጣጭና የጎመኑ ግንጣይ ከፌስታል ጋር ተደባልቆ ወንዝ ይገባል። የቀሃና የአንገረብ ውሃ መገጭ ይደርሳል፣ መገጭም ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ጎመንና ካሮት ሊያበቅል ይችል የነበረው ነገር ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ ከሚቀልቡት ነገሮች አንዱ ይሆናል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቆሻሻ ከየቤቱ ተለይቶ እንዲወጣ ያዘዘው በ1999 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ቀበሌ እንኳ ልጣጩ ከፕላስቲኩ ተለይቶ ጓሮ እንዲመለስ፣ ከጓሮው የወጣው ጎመንም ተከትፎ ልጁ ገንፎ ውስጥ እንዲገባ ቢያደርጉ ጽዳቱና አመጋገቡ በአንድ ክር ይታሰራሉ።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ከሳይንሱ በኩል ይመጣል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ውጤታቸው የወጣው በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተካሄዱት ሰፋፊ ሙከራዎች መጸዳጃ ቤት መሥራትና እጅ መታጠብን ማስተማር የሕፃናትን ቁመት እንዳልጨመረ አሳይተዋል። ጥቂት የጨመረው ተጨማሪ ምግብና የአመጋገብ ምክር ነው። ታዲያ የጽዳቱ ድካም ለምን? የሚል ሰው መልስ ይገባዋል። እኔ ከውጤቱ የምረዳው ጽዳት ከንቱ መሆኑን ሳይሆን ትንሽ ጽዳት ትንሽ መሆኑን ነው። የግቢው አፈር በዶሮና በከብት ኩስ እንደተበከለ፣ የጎረቤት ጥራጊም ደጅ እንደተቆለለ አንድ ቤት ብቻውን ቢታጠብ ጀርሙ መንገዱን አያጣም። ከተመራማሪዎቹም ብዙዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ከእስካሁኑ እጅግ የጠነከረ የጽዳት ሥራ ያስፈልጋል የሚል ነው። ይህ ፍርድ ከማንም በፊት የሚመለከተው የአንድ ቅዳሜ ዘመቻን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ድህነት ነው፤ ዕንቁላሏን ሸጣ ጨውና ደብተር የምትገዛን እናት «አብልዪው» ማለት ምን ይፈይዳል ይባላል። እውነት ነው፣ ተማሪ ገቢ አይፈጥርም። ቢሆንም ሁሉም ክፍተት የገንዘብ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ጾም ከሰባት ዓመት በታች ያለን ሕፃን አይመለከትም፤ ሆኖም ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ የሕፃኑም ምግብ አብሮ የሚጾምበት ቤት ብዙ ነው። ይህን ከተማሪው ይልቅ የንስሐ አባት ቢናገሩት ይሰማል፤ ብልህ የተማሪ መሪ ቄሱንና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ያስቀድማል፣ ራሱ ኋላ ይቆማል።

ተማሪ እንግዳ ነው፣ ይሄዳል የሚባለው ግን በከፊል አሸንፎኛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት የገጠር ጉዞን አክብዶታል፤ ከጎንደር በሚላክ ቡድን ላይ ብቻ የቆመ ሥራ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይቆማል። ስለዚህ መሪነቱ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይውረድ። እዚያ ያለችው ተማሪ ማታ የምትገባው እናቷ ቤት ነው፤ ልጣጩን የምትለየው ራሷ፣ ገንፎውን የምታጎርሰው ታናሽ ወንድሟን ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ድርሻ ሚዛኑንና የቁመት መለኪያውን ማቅረብ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹን ማሠልጠን፣ ከዓመት በኋላም በመጀመሪያ የተለኩትን ሕፃናት እንደገና መለካት ይሁን። ለመስክ ሥራው የሚሰጠው ማርክ ከፊሉ እስከዚያ ሁለተኛ ልኬት ድረስ ተይዞ ቢቆይ፣ በጎ ፈቃድ ለሚሠሩትም ክበቦች የምስክር ወረቀቱ በዚሁ ደንብ ቢሰጥ፣ ዘመቻ ሲታቀድ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ከእኛ በኋላ ማን ይይዘዋል የሚለው ይሆናል።