መመሪያው ከነበጀቱ ይውረድ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው የወረዳ ደረጃ ያልተማከለ አስተዳደርም ጥቅል በጀትን እስከ ወረዳ አወረደ። ይሁንና ከወረዳው በጀት ትልቁ ድርሻ ለደመወዝ ይውላል፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ጉዳዩ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ይናገራል፤ ባለሙያው ግን ለመስክ የሚሆን ነዳጅ ያጣል፣ ለመወሰንም የበላይ አካል ደብዳቤ ይጠብቃል። ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ሲባል ጥፋቱ የመስኮቱ ሠራተኛ ብቻ አይደለም።

ፖሊሲ መሬት ሊይዝ እንደሚችል የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሳይቷል። ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው በመንግሥት ደመወዝ ተቀጠሩ፤ ጤና ኬላና ተለይቶ የታወቀ የሥራ ድርሻም ተሰጣቸው። ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ ደጃፍ የደረሱት በዚህ ነው። ለወረዳም እንዲሁ በጀትና ሥልጣን ይሰጥ ሲባል፣ ወረዳ አቅም የለውም፣ ገንዘቡም ይባክናል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ወስኖ የማያውቅ ባለሙያ መወሰንን ከየት ይለምዳል? ብክነቱን የሚገታው የወረዳ ምክር ቤትና የኦዲት ቁጥጥር ሲጠናከር እንጂ ሥልጣን ሲነፈግ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው፣ የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎት በዲጂታል ዘዴ በአንድ ቦታ የሚሰጠው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚበረታታ ነው፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ግን ብቻውን አይበቃም። ክልሎች አዲስ መመሪያ ሲያወርዱ ማስፈጸሚያ በጀቱን፣ የሰው ኃይሉንና የመወሰን ሥልጣኑን አብረው ይላኩ።