የተቀመጠችውን ሴት አታስነሷት

ራስላስ የአምባሰል ልጅ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው አጭር ልቦለድ የፈጠረው ይህ የአቢሲኒያ ልዑል፣ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ተራራ በዙሪያው ባጠረው ሸለቆ ውስጥ ያድጋል። በሸለቆው መካከል ሐይቅ አለ። ምግቡ፣ ሙዚቃው፣ መናፈሻው ሁሉ የተሟላ ነው፤ የጎደለው መውጫ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። የፖርቱጋላዊውን ካህን የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ስለ ነበር ግን ስለ አገራችን የሚነገረውን ያውቃል። ነገሥታቱ ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ዙፋን እንዳይሻሙ አምባ ላይ ያስቀምጧቸው እንደ ነበር አውሮፓ ውስጥ ከእሱም በፊት ሲወራ ኖሯል። የወሬው ምንጭ ግሸን ነው፤ ዛሬ አምባሰል ወረዳ ውስጥ ያለው፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአቅጣጫው የሚጎርፉበት ግሸን ማርያም።

የእውነተኛው የግሸን ልዑል ኑሮ ከራስላስ ኑሮ ጋር አይገናኝም። ቦታው ሸለቆ ሳይሆን ዙሪያው ገደል የሆነ የተራራ አናት ነው። መናፈሻ የለም፤ ጠባቂ አለ። ንጉሥ ሲሞት ከእስረኞቹ አንዱ ተመርጦ ይወርድና ይነግሣል፤ የቀሩት እዚያው ያረጃሉ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው ከመንገሣቸው በፊት የዚህ አምባ እስረኛ ነበሩ። ጆንሰን ይህን ሁሉ ገለበጠው። ተራራውን ሸለቆ አደረገው፣ እስር ቤቱን ገነት አስመሰለው፣ ልዕልቶች ጨመረበት፣ ከልዑሉ ጋር የሚከራከር ኢምላክ የሚባል ባለቅኔ አመጣ። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱትን ያነበበ ሰው የኛን አገር ፈልጎ ሊያጣው ይችላል።

ያም ሆኖ ራስላስን ከአምባሰል አላወጣውም። ጆንሰን ሁሉን ነገር ሲለውጥ አንዱን አልነካም፤ መውጣት የማይችለውን ሰው። ጠግቦ እያደረ የማይተኛ፣ ምን እንደጎደለው መናገር ያቃተው፣ ተራራውን እያየ የሚውል ወጣት። ግሸን ላይ የኖረ ልዑል ያን መጽሐፍ ቢያነብ ስለ ቤተ መንግሥቱ ይስቅ ይሆናል፤ ስለ ሰውየው ግን «ይህስ እኔ ነኝ» የሚል ይመስለኛል።

ይህን የማነሣው ዛሬ ከምናባዊ ልቦለዶች እየተቀዱ በቴሌቪዥን ስለሚቀርቡት ተከታታይ ድራማዎች የምለው ስላለኝ ነው። ሐይቅ ከተማም ሆነ ውጫሌ፣ ወጣቱ እነዚህን ድራማዎች በስልኩ ጭኖ ያያል። መጽሐፎቹን ያነበበው ጥቂት ነው። ስለዚህ በስክሪን ያየውን ሰው ደራሲው የፈጠረው ሰው ነው ብሎ ያምናል። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም።

አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለጊን እ.ኤ.አ. በ1968 «የኧርዝሲ ጠንቋይ» የተባለውን ልቦለዷን ስታወጣ አንድ ደፋር ነገር አድርጋለች። በዚያ ዘመን የምናባዊ ልቦለድ ጀግና ሁሉ ነጭ ነበር ማለት ይቻላል። የእሷ ጌድ ግን ቀይ ዳማ ነው። የልብ ጓደኛው ጥቁር ነው። በዚያ የደሴቶች ዓለም አብዛኛው ሕዝብ ጠይምና ጥቁር ሲሆን፣ ነጮቹ ከአንድ ዳር የሚመጡ ወራሪዎች ናቸው። ጌድ የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ። በትዕቢቱ ምክንያት አንድ ክፉ ጥላ ወደ ዓለም ይለቅቃል፤ መጀመሪያ ይሸሸዋል፣ በኋላ ዞሮ ያሳድደዋል፣ በመጨረሻም ጥላውን በገዛ ራሱ ስም ይጠራዋል። የመጽሐፉ ምሥጢር ሁሉ እዚህ ስም ላይ ነው። በዚያ ዓለም ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ ሰው ሁሉ የሚጠራው ነው፤ ሌላው ነፍሱን ለሚያምነው ብቻ የሚሰጠው ነው። የክርስትና ስሙን ለማንም የማይናገር ሰው በሚኖርበት አገር ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ ታሪኩን ድራማ አድርጎ አቀረበው። ጌድን የተጫወተው ነጭ ወጣት ነው። ሁለቱ ስሞችም ቦታ ተለዋወጡ፤ በምሥጢር የሚያዘው ስም የአደባባይ ሆነ፣ የአደባባዩ ደግሞ ምሥጢር። ለጊን በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን አልነበራትም። ድራማው ሲታይ ጽሑፍ አውጥታ በአደባባይ ተቃወመች፤ የገጸ ባሕርያቷ የቆዳ ቀለም በግድየለሽነት የተጻፈ ሳይሆን ከመጀመሪያው አስባበት ያደረገችው መሆኑን አስረዳች። ደሴቶቹ ነበሩ፣ ዘንዶው ነበር፣ የጠንቋዮቹ ትምህርት ቤት ነበር። ጌድ አልነበረም። መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ሰውየውን አጡት፤ አምባሰልን ያላየው ጆንሰን ግን እስረኛውን አልጣለውም።

አዝማሪ በአምባሰል ቅኝት ሲጫወት ግጥሙን እንደ አድማጩ ይለውጣል፤ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል፣ የሠርገኛውን ስም ያስገባል፣ ማንም አይከፋም። ማሲንቆውን ወደ ባቲ ቅኝት ካዞረው ግን፣ ቃሉ ያው ቢሆን እንኳ፣ አምባሰል አልተጫወተም። በገጸ ባሕርይም ላይ የሚለወጥና የማይለወጥ አለ የምለው እንደዚህ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ለውጥ ከሚያወግዙት አንባቢዎች ጋር አልስማማም። የጆርጅ ማርቲን መጽሐፍ ወደ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ሲመለስ ዳኔሪስ በመጽሐፉ የ13 ዓመት ልጅ ሳለች በስክሪኑ አድጋ ቀረበች። ትክክል ነው፤ በዚያች ልጅ ላይ የሚደርሰውን ነገር በሕፃን ተዋናይ ማስቀረጽ ነውር ነው። ቲሪዮን የሚባለው ሰውም በመጽሐፉ በአንድ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ ፊቱ ለማየት የሚያስፈራ ይሆናል፤ በድራማው ጠባሳ ብቻ ነው የቀረለት። እሱም አይጎዳም። አባቱ እንደ ልጅ ቆጥሮት የማያውቅ ሰው ቁስል በተዋናዩ በፒተር ዲንክሌጅ ዓይን ውስጥ በሙሉ አለና። አፍንጫው ቢቀርም ቅኝቱ አለ።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ዓይነት ለውጥ ነው። ሮበርት ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1990 በጀመረው «ዊል ኦፍ ታይም» ውስጥ ፔሪን የሚባል ልጅ አለ፤ የቀጥቃጭ ተለማማጅ። ሰውነቱ ግዙፍ ስለሆነ ሳያስበው ሰው እንዳይጎዳ ፈርቶ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ቀስ ብሎ ማሰብ፣ ቀስ ብሎ መናገር የለመደ። መንደርተኛው ደደብ ይለዋል። በቅጽ ላይ ቅጽ እየተከተለው የሚሄደው ጥያቄ በእጁ መጥረቢያ ይያዝ ወይስ መዶሻ የሚል ነው። አንዱ ይገድላል፣ ሌላው ይሠራል። ይህን ልጅ የወደድኩት ለዚህ ጥንቃቄው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ድራማ ግን ፔሪን ገና በመጀመሪያው ክፍል ሚስት ያለው ሰው ሆኖ ይመጣል፤ በውጊያው ግርግር ውስጥ ሚስቱን በገዛ መጥረቢያው ይገድላታል። በመጽሐፉ በዚያ ጊዜ ሚስት አልነበረችውም።

ለምን እንደተደረገ ይገባኛል። ካሜራ ሰው ደረት ውስጥ ገብቶ ፍርሃትን አይቀርጽም፤ ሬሳ ግን ይቀርጻል። ፔሪን ኃይልን ለምን እንደሚፈራ ተመልካቹ በአንድ አፍታ እንዲያውቅ ሬሳ ሰጡት። ውጤቱ ሌላ ሰው ነው። የመጀመሪያው ፔሪን ምንም ሳያጠፋ የሚጠነቀቅ ነበር፤ ሁለተኛው ካጠፋ በኋላ የሚጸጸት ነው። የጸጸት ታሪክ በየድራማው ሞልቷል። ማንንም ሳይጎዳ ስለሚፈራ ብርቱ ሰው የተጻፈ ታሪክ ብርቅ ነው፤ እሱን ነው ያጠፉብን። የደራሲው የቶልኪን ጋላድሪኤልም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ድራማ በጥበቧ ከምትከበር እመቤት ይልቅ ሰይፍ ይዛ የምትሮጥ የጦር አዛዥ ሆና ስትመጣ የታየኝ ይኸው ነው። ቴሌቪዥን ዝም ብሎ የሚያስብን ሰው ይፈራዋል።

«ቴሌቪዥን እኮ መታየት አለበት» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ እኛው ዘንድ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ አለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ጉዱ ካሳን ወደ ተዋጊነት አልለወጠውም። ያለው ድምፅ ብቻ ነበር፤ በዚያ ድምፅ ውስጥ የሰውየው ብቸኝነት፣ የንግግሩ ስለት፣ እብድ እየተባለ እውነት መናገሩ ሁሉ ተሰማ። ጉዱ ካሳ በፊታውራሪ መሸሻ ዘመን ሌላው የማይደፍረውን የሚናገር ሰው ነው፤ ሥራው መናገር ነው። ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ካስፈለገ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አበጀ በለው አለ። ጉዱ ካሳን ወደ ስክሪን የሚያመጣ ሁሉ የአበጀን ሥራ ሊያሸክመው ይፈተናል፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም ያጣቸዋል። ንግግር ብቻውን ሰውን ሰዓታት ሬዲዮ ሥር ካስቀመጠ፣ ፊትና ዝምታ የተጨመረለት ቴሌቪዥን ምን ያንሰዋል?

ነገሩ ከሩቅ አገር መጻሕፍት አልፎ እኛው ደጅ ይመጣል። ስለ ሐይቅ ከተማው ሐይቅ አፈጣጠር የሚነገረውን አያቴ ስትነግረኝ እንዲህ ነበር፦ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ትበደላለች። እግዚአብሔር በግፉ ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ ያደርገዋል። ልዕልቲቱ ከነዘመዶቿ ትሰጥማለች። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ይቀራል።

«ሴትዮዋስ ምን አደረገች?» አልኳት።

«ምን ታድርግ ልጄ! ተቀምጣለች።»

«አልተራገመችም?»

«ተቀምጣለች አልኩህ እኮ።»

ያ ደሴት ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቶ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። ዛሬ ሴት አትገባበትም። በአፈ ታሪኩ ግን መሬቱ ራሱ ከውኃ የተረፈው አንዲት ሴት ስለ ተቀመጠችበት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለዚህ ሳስብ ኖሬያለሁ፣ አልጠገብኩም።

የአገራችን የድራማ ሥራ እያደገ ነውና አንድ ቀን አንድ ጎበዝ ጸሐፊ ይህን ተረት ያገኘዋል። ስም ይስጣት፤ በተረቱ ስም የላትም፣ ድራማ ያለ ስም አይሄድም። ባል ይስጣት፣ መንደር ይስጣት። ልዕልቲቱንም ሰው ያድርጋት፤ ለምን እንደጨከነች ያሳየን፣ ይህ ከተረቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ውኃውን በኮምፒውተር ያምጣው። ግን ሴትዮዋ ክንዷን ዘርግታ ውኃውን የምታዝ አስማተኛ እንዳትሆን እለምናለሁ። ልዕልቲቱን አሳድዳ የምትበቀልም አትሁን። ይህ ታሪክ አቅም የሌለው ሰው ስለሚቆጠርበት ፍርድ ነው። ኃይሉን በእሷ እጅ ካደረግነው የጉልበተኞች ጠብ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን በየምሽቱ እናያለን።

የግሸንም እንዲሁ። የግሸንን ድራማ ብዙ ጊዜ በልቤ አይቼዋለሁ። የጦር ሠራዊት አያስፈልገውም፤ ዘንዶም አያስፈልገውም። አንድ በር፣ ጥቂት ጠባቂዎች፣ አብረው ያረጁ ጥቂት ወንድማማቾች ይበቁታል። አንድ ቀን ንጉሡ ሞቱ የሚል ወሬ ከታች ይመጣል። መልእክተኞች አቀበቱን ሲወጡ ይታያሉ። ከወንድማማቾቹ አንዱ ወርዶ ይነግሣል፤ ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። የተመረጠው ነገ የገዛ ልጆቹን ወደዚሁ አምባ ይልካቸዋል፤ ይህንንም ሁሉም ያውቁታል። ጸሐፊው ስሞቹን ይለውጥ፣ ዘመኑን ያዛውር፣ የፍቅር ታሪክ ቢጨምርም አልቃወምም። እስረኛውን ግን በመጀመሪያው ክፍል ገመድ አስይዞ በገደሉ እንዳያስመልጠው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ሲዝን አምባው ላይ ያቆየው፤ እኔ እስከ መጨረሻው ክፍል አያለሁ።