ስለ ማለቢያው መኪናና ስለ ላሚቱ ምርጫ

ላምን ያለ ሰው እጅ የሚያልበው መኪና በ1992 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በሆላንድ አገር በገበሬ በረት ከተተከለ ወዲህ፥ በነጋዴዎች ዘንድ የሚወደሰው መኪናው ብቻ ነው። ጡቷን በጨረር ፈልጎ ያገኛል፤ በአንገቷ በታሰረው ምልክት ማንነቷን ይለያል፤ አንዱ መኪና 60 ያህል ላሞችን ያስተናግዳል። ውዳሴው ተገቢ ነው። ነገር ግን መኪናው ላሚቱን ጎትቶ አያመጣትም፤ በፈቃዷ መምጣት አለባት። የምትመጣውም ጡቷ ስለ ከበዳት ይመስለን ይሆናል። የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በ1998 ባሳተሙት ጥናት ግን ለመታለብ ያላት ፍላጎት ደካማ፥ ወደ መኖው ያላት ፍላጎት ብርቱ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ በመኪናው ገንዳ የሚፈሰው መኖ የላሚቱ ደመወዝ ነው ማለት ይቻላል። ደመወዙንም ትመርጣለች። በ2010 የታተመ የዴንማርክ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ላሞች ከገብስና ከአጃ ተደባልቆ የተዘጋጀውን እንክብል አብልጠው ወደዱ፤ ስብ የበዛበትንና ከደረቀ ሣር የተሠራውን ግን ናቁ፤ መኖው በተናቀ መጠንም ወደ መኪናው መምጣታቸው ቀነሰ። እንክብሉ በጭነት ላይ ተፈርፍሮ ዱቄት ቢሆን ደግሞ፥ መታለቡ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ስለ ሆነ፥ በልታ ሳትጨርሰው ትወጣለች። ያልመጣችውን ላም ሠራተኛ ሄዶ ሊነዳት ግድ ይሆናል። ታዲያ ከሠራተኛ ደመወዝ ይተርፋል የተባለው ገንዘብ ወዴት ሄደ?

በአገራችን ላሚቱ በአመዛኙ ታስራ በእጅ የምትታለብ ስለ ሆነ፥ ፋጉሎውም ሆነ ፉርሽካው ቢከፋ የቀረበላትን ትበላለች፤ ሻጩንም የሚከሰው የለም። (እኔ የነጋዴ ጸሐፊ ነኝና የማውቀው በኩንታል የሚጻፈውን ደረሰኝ ነው፤ በደረሰኙ ላይ የመኖው ጥራት ተጽፎ አላየሁም።) ይህን መኪና ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር፥ ከመኪናው ሻጭ ጋር ከመፈራረሙ በፊት ከመኖ ፋብሪካ ጋር ይዋዋል። ድብልቁ ከወር ወር እንዳይለዋወጥ፥ እንክብሉም ሳይፈርስ በረት እንዲደርስ በውሉ ይጻፍ።

ይሁን እንጂ የላሚቱ ምላስ ፍጹም ዳኛ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሰበሰበው ወተት አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ መገኘቱንና ዋናው ምንጩ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን ተመራማሪዎች በ2016 በታተመ ጽሑፍ ሲገልጹ፥ ላሞቹ ያንኑ ፋጉሎ ሳይጠሉ በልተውት ነበር። ስለዚህ የላቦራቶሪ ምርመራም በውሉ ይግባ፤ ሒሳቡም የሚከፈለው የምርመራው ወረቀት ከቀረበ በኋላ ይሁን።