መጽሐፍን በጆሮ ስለ ማንበብ

በዛሬው ዐምዳችን የምንነጋገረው ልብ ወለድ መጽሐፍን በጆሮ ስለ ማንበብ ነው። አንዳንድ ወላጆች «ልጄ መጽሐፉን ሰማው እንጂ አላነበበውም» እያሉ ነገሩን እንደ ስንፍና ይቈጥሩታል። ሆኖም መስማት በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ፊደል የቈጠረውም ያልቈጠረውም እኩል ቆሞ ያዳምጣል፤ ያዳመጠውንም ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በውጭው ዓለምም ይህ አሠራር ለሰነፎች ተብሎ የተጀመረ አይደለም። እንግሊዞች በ1935 እ.ኤ.አ. በሸክላ የተቀረጹ መጻሕፍትን ማደል የጀመሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮችና ለሌሎች ዓይነ ስውራን ነበር። የሸክላው አንድ ገጽ 25 ደቂቃ ያህል ያነብ ነበር። በሀገራችንም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ፥ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ብዙ ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቶቹ ዐወቃቸው። ያ ትረካ ዛሬ በእጅ ስልክ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ስልኩ አንድ ነገር ለውጧል። ሬዲዮው የቤቱ ሁሉ ነበረ፤ የጆሮ ማዳመጫው ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው።

በሐረር ጁገል፥ ወይም ከከተማዋ አጠገብ ባለችው በሶፊ ወረዳ ለሚኖር ቤተ ሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በዚያ ያለ ልጅ ከባልንጀሮቹ ጋር በኦሮምኛ ወይም በሐረሪ ቋንቋ ሲጫወት ይውላል፤ ይህም መልካም ሀብት ነው። መጽሐፉ ግን የሚተርከው ስለ ጎጃም፥ በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ስለ ቀረውም የባላባትና የጢሰኛ ሥርዐት ነው። ልጁ ብቻውን ሲሰማ «ጢሰኛ» የሚለውን ቃል ሳይገባው ያልፈዋል። አያቱ አጠገቡ ቢቀመጡ ግን ትረካው ቆሞ ቃሉ ይፈታለታል። ዓይናቸው የደከመው አያት መጽሐፉን ይሰማሉ፤ ልጁም አያቱን ይሰማል።

ስለዚህ ከራት በኋላ ስልኩን በመካከላችሁ አስቀምጡና ግማሽ ሰዓት ያህል አብራችሁ ስሙ፤ ከዚያም አቁማችሁ ተነጋገሩ። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን በብፅዓት እንደ ሰጡት ሲተረክ፥ «ወላጅ በልጁ ሕይወት ላይ ቃል ሊገባ ይገባዋልን?» ብላችሁ ልጆቻችሁን ጠይቁ። መልሳቸው ላያስደስታችሁ ይችላል፤ ቢሆንም አታቋርጧቸው። ልጅ ስለ ራሱ ሊናገር የማይደፍረውን ነገር በበዛብህ ስም ይናገረዋልና።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ተራኪው ቍጣውንም ኀዘኑንም በራሱ ድምፅ ወስኖ ያቀርብልናል፤ መጽሐፉ ግን ለአንባቢው ሁሉ ድምፁን ይተውለታል። እንግዲህ መጽሐፉ ከቤታችሁ አይጥፋ። ከሰማችሁት ምዕራፍ አንዱን ገጽ በማግሥቱ ልጃችሁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ፤ እናንተም በተራችሁ ስሙት።