ጤናና ቤተሰብ፦ የልጃችሁ ጡንቻ ሲደክም

ወንድ ልጃችሁ ዘግይቶ ከተራመደ፣ ቶሎ ቶሎ ከወደቀ፣ ከመሬት ሲነሣ ጭኑን በእጆቹ ከተደገፈ፣ ባቱም ያለ ልክ ከወፈረ «ሰነፍ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ዱሼን የተባለው በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ በጡንቻው ውስጥ ምን ይከናወናል? ጡንቻ በሠራ ቁጥር የሴሉ ሽፋን ይወጠራል። ውጥረቱን እንዲችል የሚረዳው በ1987 እ.ኤ.አ. የታወቀው ዲስትሮፊን የተባለ ፕሮቲን ነው። በዚህ በሽታ ዲስትሮፊን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ካልሲየም ያለ መጠን ይገባል፤ ሌሎቹም ፕሮቲኖች ይጎዳሉ። ሴሉ ግን ዝም ብሎ አይሸነፍም። ጫና ሲበዛበት ረዳት ፕሮቲኖችን በብዛት ያመርታል። እነዚህ ቅርጹን ያጣውን ፕሮቲን ያቃናሉ፤ የማይቃናው እንዲወገድ ያግዛሉ። ይሁንና ጉዳቱ በየቀኑ ስለሚደጋገም ጥገናው አይደርስበትም። በጡንቻው ቦታ ስብና ጠባሳ ይተካል። ከጊዜ በኋላም ልብና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይደክማሉ።

ስለዚህ «ይጠንክርልን» ብላችሁ በግድ አታስሩጡት፤ የደከመውን ጡንቻ ይበልጥ ትጎዱታላችሁ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። የበሽታው ዘረመል ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ይህን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። በዚህ ምክንያት «ከአንቺ ዘር የመጣ ነው» የሚል ቃል ትዳርን ያቆስላል። ነገር ግን ከሦስት ታማሚ ልጆች በአንዱ ገደማ ለውጡ አዲስ የተከሠተ ነው፤ እናቱ ተሸካሚ አይደለችም። ተሸካሚ ብትሆንም መርጣ ያወረሰችው ነገር የለም። እርግማንም አይደለም። ባል ሆይ፣ ሚስትህን አትክሰስ፤ ከጎንዋ ቁም።

ምን እናድርግ? ልጁን ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት። ሲኬ የተባለው የደም ምርመራ ከተጎዳው ጡንቻ የፈሰሰውን ኢንዛይም ይለካል፤ የዘረመል ምርመራ ደግሞ በሽታውን ያረጋግጣል። የጉበት ምርመራ ውጤቱም ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ጉበቱን ታሟል ከመባሉ በፊት ስለ ጡንቻው ጠይቁ። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ሆኖም ስቴሮይድ ድካሙን ያዘገያል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አይቋረጥም። ፊዚዮቴራፒና የልብ ክትትልም ያስፈልገዋል። ተሸካሚ የሆነች እናትም ልብዋን ትመርመር። ሌላ ልጅ ከማሰባችሁ በፊት ሁለታችሁም አብራችሁ ሐኪም አማክሩ።